መስታወቱ ሲያልበው፦ የድሮ ኮሮላ የማሞቂያ መቆጣጠሪያ አፈታትና አገጣጠም

ጅማ ላይ የመኪና ማሞቂያ የሚፈለገው ለሙቀት አይደለም። የእኛ ብርድ ሹራብ የሚመልሰው ብርድ ነው። ማሞቂያው የሚፈለገው ለማየት ነው። ዝናብ ሲመጣ አራት ሰው እርጥብ ልብሱን እንደለበሰ ይገባል፣ በሩ ይዘጋል፣ ሁለት ደቂቃ ሳይቆይ የፊት መስታወቱ ከውስጥ ያልበዋል። ከዚያ በኋላ ሾፌሩ በአንድ እጁ መሪ፣ በሌላው ጨርቅ ነው። የእኛ ዝናብ ደግሞ ከበልግ ተነስቶ መስከረም ካለቀም በኋላ አይጠፋም።

እኔም ሦስት ዓመት በጨርቅ ነዳሁ። ማሞቂያው ይሠራል፤ አየሩን ወደ መስታወት የሚልከው ዘንግ ግን ደርቆ ንቅንቅ አይልም። አንድ ጋራዥ ወስጄው ነበር። "ዳሽቦርዱ በሙሉ መውረድ አለበት፣ ሁለት ቀን ይፈጃል" አሉኝና ተውኩት። አንድ ማታ ከአጋሮ ስንመለስ ዝናቡ መንገድ ላይ ያዘን። 45 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ነው። አክስቴ ከጎኔ ተቀምጠው በነጠላቸው ጫፍ መስታወት ሲወለውሉ ጅማ ገባን። ሲወርዱ ዞር ብለው "ልጄ፣ ይሄ መኪና ያለ ረዳት አይሄድም እንዴ?" አሉኝ። በሳምንቱ ቅዳሜ ፈታሁት። ዳሽቦርዱ አልወረደም። መውረድም አልነበረበትም።

መካኒክ አይደለሁም። እዚህ የምጽፈው በራሴ ኮሮላ ላይ የሠራሁትን ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 ከወጣው ትውልድ ነው፤ መቆጣጠሪያው ወደ ግራና ቀኝ የሚንሸራተቱ ዘንጎች ያሉት። ሌላ መኪና ካላችሁ የብሎኖቹ ቦታ ይለያያል፤ አሠራሩ ግን ብዙም አይርቅም።

ከመፍታታችሁ በፊት

ነገሩ ቀላል ነው። ከዳሽቦርዱ ጀርባ አንድ የፕላስቲክ ሳጥን አለ። በውስጡ ከሞተሩ የሚመጣ ትኩስ ውሃ የሚዞርበት ትንሽ ራዲያተርና ጥቂት ክዳኖች አሉ። አንዱ ክዳን አየሩ ከውጭ ይግባ ወይስ የውስጡ ይዙር የሚለውን ይወስናል። አንዱ ምን ያህሉ አየር በትኩሱ ራዲያተር በኩል ይለፍ የሚለውን ይወስናል። ሌሎቹ አየሩን ወደ እግር፣ ወደ ፊት ወይም ወደ መስታወት ይከፋፍሉታል። እናንተ ዘንጉን ስትገፉ ክዳኑን የሚጎትተው ካቦ ነው። የብስክሌት ፍሬን አስቡ፦ ከላይ ሽፋን፣ ከውስጥ ሽቦ። የማራገቢያው ዘንግ ብቻ ካቦ የለውም፤ እሱ የኤሌክትሪክ ማብሪያ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ጥፋተኛውን ለዩ። ዘንጉ ከደረቀ ወይም ያለ ምንም ክብደት ወዲያ ወዲህ ካለ፣ ችግሩ ካቦው ወይም መቆጣጠሪያው ጋ ነው። ይህ ጽሑፍ ለእናንተ ነው።

ማራገቢያው በመጨረሻው ፍጥነት ብቻ የሚሠራ ከሆነ ግን መቆጣጠሪያውን አትንኩት። የተቃጠለው አብዛኛውን ጊዜ ሬዚስተሩ ነው። እሱ ያለው በተሳፋሪው በኩል፣ ከዳሽቦርዱ መሳቢያ ጀርባ፣ ማራገቢያው አጠገብ ነው። ዝቅተኛዎቹ ፍጥነቶች በእሱ በኩል ያልፋሉ፤ ከፍተኛው በቀጥታ ይሄዳል። ለዚህ ነው ከፍተኛው ብቻ የሚተርፈው። ጭራሽ አልነሳ ካለ መጀመሪያ ፊውዙን እዩ።

ዘንጉ እንደ ልብ እየሄደ አየሩ ካልሞቀ ደግሞ ወደ ኮፈኑ ሂዱ። እዚህ ላይ የአገራችንን ልማድ ማወቅ ይጠቅማል። ሞተር ሞቀ በተባለ ቁጥር ቴርሞስታት (ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃውን ይዞ የሚያቆየው ቫልቭ) አውጥቶ መጣል የተለመደ ነው። ቴርሞስታት የሌለው ሞተር ቀዝቅዞ ይውላል፤ በቀዘቀዘ ውሃ ማሞቂያ አይሞቅም። ሌላው ልማድ፣ የማሞቂያው ትንሽ ራዲያተር ሲያፈስ ሁለቱን ቱቦዎች እርስ በርስ አገናኝቶ መተው ነው። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ አጥፉትና፣ ከሞተሩ ወደ ሾፌሩ ክፍል የሚገቡትን ሁለት ቱቦዎች በጥንቃቄ ዳስሱ። ዘንጉ ሙቅ ላይ ሆኖ ሁለቱም ከሞቁ ውሃው እየዞረ ነው። አንዱ ሞቆ ሌላው ከቀዘቀዘ ውሃውን የሚያሳልፈው ቫልቭ አልተከፈተም ወይም ራዲያተሩ ተደፍኗል። ቱቦ ራሱ ከሌለ... እንግዲህ ገብቷችኋል።

አንድ ነገር ልጨምር። መስታወታችሁ ሲያልበው የሚቀባባ ቅባት ነገር ካለው፣ መኪናውም ውስጥ ጣፋጭ ጣፋጭ ከሸተተ፣ ኩላንት (የሞተሩ ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) እያፈሰሰ ነው። ካቦ ብትቀይሩ ምንም አታተርፉም።

ዕቃዎቹ

ባለ መስቀል አፍ ካቻቢቴ፣ አንድ ረጅም አንድ አጭር። ጠፍጣፋ ካቻቢቴ፣ ጫፉ በናስትሮ የተጠቀለለ። ባለ ሹል አፍ ፒንሳ። የባትሪውን ገመድ ለመፍታት 10 ቁጥር ቁልፍ። የእጅ ባትሪ፤ ግንባር ላይ የሚታሰረው ከተገኘ ይሻላል። የስፌት መኪና ዘይት፣ ትንሽ ግራሶ፣ የጥፍር ቀለም። የጥፍር ቀለሙን ከማን እንደምትዋሱ እናንተ ታውቃላችሁ።

ለብሎኖቹ ማስቀመጫ እኔ የቡና ስኒ ተጠቀምኩ። ስድስት ስኒ በትሪ፣ ትሪው በበርጩማ ላይ፤ ሦስት እግሩ የጅማ በርጩማ ወጣ ገባ መሬት ላይ አይነቃነቅም። ከፊት ክፈፍ (ዘንጎቹን ከከበበው ፕላስቲክ) የወጣው በአንዱ፣ ከራዲዮው የወጣው በሌላው። ብሎኖቹ የሚመሳሰሉ ይመስላሉ እንጂ ርዝመታቸው ይለያያል፤ ረጅሙን በአጭሩ ቦታ ካስገባችሁ ፕላስቲኩን ይበሳዋል። ስኒዎቹን ግን አስጠንቅቃችሁ ተጠቀሙ። የኔ አንድ ብሎን አቦል ተቀድቶበት ጎረቤት እጅ ገብቷል።

ሌላው መሣሪያ ፀሐይ ነው። የሠላሳ ዓመት ፕላስቲክ በጠዋት ብርድ እንደ ብስኩት ይሰበራል። መኪናውን ግማሽ ሰዓት ፀሐይ ላይ አቁሙት። ክሊፖቹ ይለሰልሳሉ። ዝናብ ከሆነ ማሞቂያውን ወደ እግር አብርታችሁ ጠብቁ፤ ማሞቂያውም ካልሠራ ሥራውን ለነገ አሳድሩት።

መፍታት

የእጅ ፍሬን ያዙ። ቁልፉን አውጡ። ከባትሪው መጀመሪያ የኔጌቲቩን ገመድ ፍቱ። ኤርባግ ያለው መኪና ከሆነ ገመዱን ከፈታችሁ በኋላ ቢያንስ 90 ሰከንድ ሳትነኩት ቆዩ፤ ቶዮታ በጥገና መጽሐፎቹ የሚያዘው ይህን ነው። ቢጫ ሽፋን ያለው ሽቦ ካያችሁ አትንኩት።

የሲጋራ መተርኮሻውን አውጡ። እሱ ከወጣ በኋላ ከኋላው የተደበቁ ብሎኖች ይታያሉ። ሰው ክፈፉን የሚሰብረው እነዚህን ሳያይ ስለሚጎትት ነው። ከላይም፣ ከክፈፉ ጠርዝ ሥር፣ በእጅ ባትሪ ፈልጉ። ሁሉም ከወጡ በኋላ የዘንጎቹን ጫፍ ጉጦች ወደ ራሳችሁ በቀጥታ ሳቡ። ብቅ ይላሉ። የሚዞሩ ጉጦች ያሉት መኪናም እንዲሁ ነው፤ አትጠምዝዙ፣ ሳቡ። እምቢ ካለ ቀጭን ጨርቅ ከጀርባው አዙሩና ሁለቱን ጫፍ ይዛችሁ ጎትቱ።

አሁን ክፈፉ በክሊፕ ብቻ ነው የያዘው። በናስትሮ የተጠቀለለውን ካቻቢቴ ከታች በኩል አስገቡና ቀስ አድርጋችሁ አላቅቁት። "ጠቅ" የሚል ድምፅ ጥሩ ነው። "ቀጭ" የሚለው አይደለም። አንዱ ጥግ ሲለቅ ወደሚቀጥለው እለፉ፤ በአንድ ቦታ ብቻ አትታገሉ። ከወጣ በኋላም ወዲያው አትንጠቁት፤ ከጀርባው ሽቦዎች አሉ። የሶኬቶቹን ምላስ ተጭናችሁ አላቅቁ። በሽቦው አትጎትቱ።

ራዲዮው መንገድ ከዘጋ ብሎኖቹን ፈትታችሁ አውጡት። ከኋላ ያለው መቆጣጠሪያ ራሱ በሦስት ወይም በአራት ብሎን ነው የተያዘው። እነሱንም ፍቱ። ግን ገና አይወጣም። ካቦዎቹ ይዘውታል።

ከዚህ በኋላ ካቻቢቴውን አስቀምጡና ስልካችሁን አንሱ። እያንዳንዱ ካቦ የሚያርፍበትን ቦታ በሁለቱም ጫፍ ፎቶ አንሱ፤ አንድ ከቅርብ፣ አንድ ከሩቅ። ሽፋኑን ጨምቆ የሚይዝ ትንሽ የብረት መቆንጠጫ አለ። ሽፋኑ ከመቆንጠጫው በየት በኩል ምን ያህል እንደወጣ በጥፍር ቀለም ምልክት አድርጉ። ይህን ካደረጋችሁ መልሳችሁ ስትገጥሙ ግማሹ ሥራ አልቋል። ካቦዎቹን ደግሞ በናስትሮ ለዩ፦ አንድ ዙር የመስታወቱ፣ ሁለት ዙር የሙቀቱ፣ ሦስት ዙር የውጭ አየሩ።

ካቦዎቹን የምታላቅቁት ከመቆጣጠሪያው በኩል ሳይሆን ከሳጥኑ በኩል ነው። መቆጣጠሪያው ጋ እጅ አይገባም። የውጭ አየሩን ካቦ ለማግኘት የተሳፋሪውን መሳቢያ አውጡ። ለሌሎቹ ወለሉ ላይ በጀርባችሁ ተኝታችሁ፣ እግራችሁን በበሩ አውጥታችሁ፣ ወደ ላይ ማየት ነው። ክብር የለውም። ሰፈሩ ልጆች ካሉበት ተሰብስበው "ሞተ እንዴ?" ይላሉ። መቆንጠጫውን በጠፍጣፋ ካቻቢቴ ቀስ አድርጋችሁ ክፈቱ። ከዚያ የሽቦውን ጫፍ ቀለበት፣ ክዳኑን ከሚያንቀሳቅሰው ትንሽ ምሰሶ ላይ በፒንሳ ወደ ጎን ሳቡ። ምሰሶው ፕላስቲክ ነው፤ ወደ ላይና ወደ ታች ከወዘወዛችሁት ይቆረጣል፤ ከተቆረጠ ያኔ እውነትም ዳሽቦርዱ ይወርዳል።

ካቦዎቹ ሲላቀቁ መቆጣጠሪያውን ወደፊት አውጡ፤ የማራገቢያውን ሶኬትና የአምፖሏን ሽቦ ንቀሉ። ካቦዎቹ ተከትለው ይመጣሉ። በየት በኩል አልፈው እንደመጡ ልብ በሉ።

እጃችሁ ላይ ከገባ በኋላ

የደረቀው የቱ እንደሆነ አሁን ይታወቃል። የካቦውን ሽቦ በጣታችሁ ይዛችሁ ግፉ፣ ሳቡ። ከተንሸራተተ ጤነኛ ነው። የኔ የመስታወቱ ካቦ አንድ ቦታ ላይ ታጥፎ ነበር። ከዓመታት በፊት ራዲዮ የገጠመ ሰው ከራዲዮው ጀርባ ጨፍልቆታል። ሦስት ዓመት መስታወት ያሳሸችኝ ጣት የማታክል እጥፋት ናት።

የታጠፈ ካቦ ቢቃናም አያስተማምንም። ከአዲስ አበባው ሶማሌ ተራ ያገለገለ መቆጣጠሪያ ከነካቦው ማስመጣት ይቻላል፤ ስትጠይቁ ፎቶ ላኩ፣ መሪው በግራ ካለበት ወይስ በቀኝ ካለበት መኪና እንደወጣም አጣሩ፤ የካቦው ርዝመት ላይገጥም ይችላል። ካልታጠፈና ከደረቀ ብቻ፣ ካቦውን ቀጥ አድርጋችሁ አንጠልጥሉት፣ ከላይ ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት፣ ሽቦውን ወዲያ ወዲህ፣ ሌላ ጠብታ። ዘይቱ በታችኛው ጫፍ ብቅ ሲል በቃው።

ዘንጎቹ የሚንሸራተቱበትን መንገድ በብሩሽ ከአቧራ አጽዱና ስስ ግራሶ ቀቡ። የማራገቢያው ማብሪያ ውስጥ ግን ዘይትም ግራሶም አታስገቡ። አቧራ ይሰበስባል፣ ይሞቃል። ሶኬቱን ገልብጡና እዩት። ፕላስቲኩ ከጠቆረ ወይም ከቀለጠ ውስጡ ያለው መያዣ ላልቶ ይሞቅ ነበር ማለት ነው። በናስትሮ ጠቅልሎ መልሶ መሰካት እሳት መጋበዝ ነው። ጫፉን የመኪና ኤሌክትሪክ የሚያውቅ ሰው ይቀይረው።

አምፖሏንም አሁን ቀይሯት። ለአንድ አምፖል ሁለተኛ ጊዜ መሬት ላይ መተኛት አትፈልጉም።

መግጠም

መግጠም የመፍታት ግልባጭ ነው ይላሉ። ብሎኖቹን በተመለከተ ልክ ነው። ካቦዎቹን በተመለከተ ግን አይደለም።

መጀመሪያ ካቦዎቹን በመጡበት መንገድ መልሱ፤ ሹል መታጠፊያ እንዳይኖር፣ ከራዲዮው ጀርባም እንዳይጨፈለቁ። ሶኬቱንና አምፖሏን ሰኩ። መቆጣጠሪያውን በብሎኖቹ ያዙት። አሁን ወደ ወለሉ ተመለሱ፤ አንድ ሰው ሾፌር ወንበር ላይ ተቀምጦ ዘንግ ቢይዝላችሁ ጥሩ ነው።

የውጭ አየሩን ዘንግ "ውጭ" ላይ አድርጉ። ሳጥኑ ላይ ያለውን ክዳን በእጃችሁ እዚያው አቅጣጫ እስከ መጨረሻው ግፉ። ቀለበቱን ምሰሶው ላይ አስገቡ፣ ሽፋኑን መቆንጠጫው ውስጥ አሳርፉ፣ ዝጉ። ለአየር አቅጣጫው ዘንጉን "መስታወት" ላይ፣ ክዳኑንም እስከ መጨረሻው መስታወት ላይ አድርጋችሁ ያንኑ ድገሙ። ለሙቀቱ ዘንጉን "ቀዝቃዛ" ላይ፣ ክዳኑንም ቀዝቃዛ ላይ አድርጉ። በኔዋ መኪና የሞተሩ ክፍል ውስጥ ያለው የውሃ ቫልቭም ካቦ አለው፤ እሱም ቀዝቃዛ ላይ ሆኖ፣ ሽፋኑ ወደ ቀዝቃዛው አቅጣጫ ትንሽ እየተገፋ ነው የሚቆነጠጠው። ይቺ ትንሽ ግፊት ናት ላላነትን የምታጠፋው።

ይህን የምለው ስላጠፋሁ ነው። መጀመሪያ ስገጥም የሙቀቱን ካቦ በግምት ቆነጠጥኩት። ጅማ ውስጥ ምንም አልታወቀኝም፤ እንዲያውም ደስ የሚል ሙቀት ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ወደ አዲስ አበባ ወጣሁ። ጊቤ በረሃ ስንወርድ ውጭው እሳት ነው፣ ከእግራችን ሥር ደግሞ ሌላ እሳት ይነፋል። ዘንጉ ቀዝቃዛ ላይ ነው። ክዳኑ ግን ጣት ያህል ክፍት ቀርቶ ነበር። አክስቴ እንደ ልማዳቸው ከጎኔ ናቸው። ጫማቸውን አውልቀው "እሱን ጨርሰህ ይሄን ጀመርክ?" አሉኝ።

ስለዚህ ክፈፉን ከመመለሳችሁ በፊት ፈትሹ። እያንዳንዱን ዘንግ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንሸራቱና በሁለቱም ጫፍ ክዳኑ ሳጥኑን ሲመታ አዳምጡ። ለስለስ ያለች "ዱም" ትሰማላችሁ። ዘንጉ ጫፍ ደርሶ ክዳኑ ካልመታ ካቦው ላልቷል። ዘንጉ ጫፍ ሳይደርስ ክዳኑ ቀድሞ ከመታ በጣም ተወጥሯል። መቆንጠጫውን ክፈቱ፣ ሽፋኑን ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር አንቀሳቅሱ፣ እንደገና ሞክሩ። የጥፍር ቀለሙ ምልክት መነሻ ነው እንጂ ሕግ አይደለም፤ ካቦ ከቀየራችሁ ደግሞ ጭራሽ አይረዳም።

ከዚያ ሶኬቶቹን፣ ራዲዮውን፣ ክፈፉን፣ ጉጦቹን መልሱ። ክሊፖቹ በቦታቸው መሆናቸውን አይታችሁ በመዳፍ ጫን ጫን አድርጉ። ብሎኖቹን በጣት ጀምራችሁ፣ በካቻቢቴ እስኪይዝ ብቻ አጥብቁ፤ የሚገቡት ፕላስቲክ ውስጥ ነው። መጨረሻ ላይ የባትሪውን ገመድ እሰሩ። ሰዓቱ ተዛብቶ ይጠብቃችኋል።

ሙከራ

ዝናብ መጠበቅ አያስፈልግም። ሞተሩን ውጭ፣ ነፋሻ ቦታ ላይ አስነስታችሁ እስኪሞቅ ጠብቁ። በማንቆርቆሪያ የፈላ ውሃ አምጡ፤ እንዳይደፋ ወለሉ ላይ አደላድላችሁ አስቀምጡ፣ ክዳኑን ክፈቱ፣ በሮቹን ዝጉና አምስት ደቂቃ ስጡት። መስታወቱ ሁሉ ነጭ ይሆናል።

አሁን ማንቆርቆሪያውን አውጡና ግቡ። ሙቀቱን ሙሉ፣ አየሩን ወደ መስታወት፣ ማራገቢያውን ከፍ፣ የውጭ አየሩን ደግሞ ክፍት አድርጉ። የመጨረሻዋን ብዙ ሰው ይስታታል፤ ብርዱ እንዳይገባ ብሎ የውስጡን አየር ሲያዞር፣ የተሳፋሪውን ትንፋሽና የእርጥብ ልብሱን እንፋሎት መልሶ መስታወቱ ላይ ይነፋል። ኤሲ ያለው መኪና ከሆነ ኤሲውንም አብሩት፤ አየሩን ያደርቃል።

መስታወቱን ከታች በኩል እዩ። መጀመሪያ ዳሽቦርዱ ጠርዝ ላይ፣ ከአየር ማውጫዎቹ ፊት፣ የእጅ መዳፍ የሚያህሉ ሁለት ጥርት ያሉ ቦታዎች ይታያሉ። ከዚያ እየሰፉ ወደ ላይ ይወጣሉ፣ መሐል ላይ ይገናኛሉ። በአንድ በኩል ብቻ ከጠራ በሌላው በኩል ያለው ቱቦ ተላቋል ወይም ወረቀት ገብቶበታል። የኔ በአራት ደቂቃ ውስጥ እስከ ላይ ጠራ። አክስቴን ጠርቼ አሳየኋቸው። ጣታቸውን መስታወቱ ላይ አሳርፈው ሙቀቱን ሞከሩና፣ በሩ ኪስ ውስጥ የነበረውን ጨርቅ ይዘው ወደ ቤት ገቡ።